«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። በተለይ የአይሲቲ መምህራን፣ የትምህርት ቤት ላብ የምትንከባከቡ፣ ቢሮ ውስጥ «እስቲ አንተ ኮምፒውተር ትነካካለህ» እየተባላችሁ የምትጠሩ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሌሎቻችሁም ብታነቡት አትከስሩም፤ ነገሩ ከኮምፒውተር ትንሽ አለፍ ይላል።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

እኔ እንፍራንዝ የማስተምር፣ ዲፕሎማ ያለኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ላባችን ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 14 ናቸው። አብዛኞቹ በእርዳታ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ። 15ኛው ግን ሪከርድ ክፍል ነው ያለው። የተማሪ ዝርዝር፣ ማርክ፣ ሮስተር፣ የድሮ ትራንስክሪፕት፣ ሁሉም እሱ ላይ ነው። የሚሠራው በኡቡንቱ 22.04 ነው። ዲስኩ ሲደክምበት አምና በ120 ጊጋ ኤስኤስዲ ቀየርኩት፤ ውስጡ የነበረውን እንዳለ ገልብጬ። ከተጣለ ሌላ ኮምፒውተር ያወጣሁትን 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለማከማቻ ይሆናል ብዬ ጎኑ ላይ ሰካሁበት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

የሴሚስተሩ ማርክ ገብቶ አልቆ፣ መምህራኑም ለእረፍት በየቤታቸው ሲበተኑ፣ «አሁን ነው ጊዜው» ብዬ ወደ 24.04 ላሻሽለው ተነሣሁ። በሌሊት የኢንተርኔት ፓኬጅ ሁለት ሌሊት አወረድኩ። መብራት እንዳይሄድ እየጸለይኩ ቁጭ አልኩ። መብራቱስ አልሄደም። የሄድኩት እኔ ነኝ።

መሃል ላይ አንድ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከሥሩ የዲስኮች ዝርዝር፣ ጎን ጎናቸው ባዶ ካሬ። እንቅልፍ ዓይኔ ላይ ነበር። ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን፣ «ኤስዲኤ» የሚለውን መረጥኩ። አንደኛ ላይ ስላለ ዋናው ይሆናል ብዬ። ኢንተር። ኢንተር። ኢንተር። አለቀ። ሪስታርት።

ከዚያ ጥቁር ስክሪን። አንድ ምልክት አልተገኘም የሚል የስሕተት መልእክት፣ ከሥሩ «ግሩብ ሬስኪው» የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የሚል ጭረት። ሌላ ምንም የለም።

ባክአፕ ነበረህ ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረኝ፤ የታኅሣሥ። የማጠቃለያ ፈተናው ውጤት ከመግባቱ በፊት የተገለበጠ። ጠዋት ላይ የሪከርድ ሠራተኛዋ መጣች። «መምህር፣ ሮስተሩ አለ አይደል?» አለችኝ። «አለ፣ አለ» አልኳት። እግዜር ይይልኝ፣ መኖሩን አላውቅም ነበር። የ12ኛ ክፍል ልጆች ውጤት አለበት። መምህራኑ ማርክ ሊስታቸውን በወረቀት ይዘዋል ቢባልም፣ ግማሹ ገጠር ወላጆቹ ጋር ሄዷል፤ ስልክ የማይገባበት አለ።

ጎንደር ያለ አንድ ጥገና ቤት ደወልኩ። ገና «አይነሣም» ስል ልጁ መልሱን ሰጠኝ፦ «ጋሼ፣ ፎርማት ነው ያለው መፍትሔ። አምጡትና በአንድ ሰዓት እንጭንላችኋለን።» ዳታውስ? «እሱን እንግዲህ እናያለን።» ኮምፒውተሩን በጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ልጭነው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ያስቆመኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ ሌሊት ኮምፒውተሩ የጠየቀኝ ምን ነበር? እኔ «እሺ» ያልኩት ምን ተብዬ ነው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ኮምፒውተር ስናበራ መጀመሪያ የሚነቃው ኡቡንቱም ዊንዶውስም አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ፕሮግራም ናት፤ በድሮዎቹ ባዮስ፣ ባዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ትባላለች። እሷ ሥራዋን ጨርሳ «ቀጥሎ ማንን ልቀስቅስ?» ስትል መልስ የሚሰጣት ቡትሎደር የሚባለው ነው። ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቡትሎደር ግሩብ ነው። ግሩብ ከርነሉን ፈልጎ ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ሁሉ የሚነሣው። በአጭሩ ቡትሎደር በረኛ ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት አይደለም፣ ዕቃውም የሱ አይደለም። በሩን ካልከፈተ ግን ማንም አይገባም።

በረኛው ስለጠፋ ቤቱ ፈርሷል አይባልም። «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ግን በረኛው ስላልተገኘ ቤቱን ከነዕቃው አፍርሰን እንደገና እንሥራ ማለት ነው።

ፋሲል ግቢን ያየ ይገባዋል። ግቢው 12 በር አለው፤ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ ርግብ በር እያለ ለየራሱ ስም አለው። እንግዳው በእምቢልታ በር እየመጣ አዲሱን በረኛ ርግብ በር ላይ ብታቆመው ምን ይሆናል? እንግዳው የሚያገኘው ጡረታ የወጣውን፣ አዲሱን ደንብ የማያውቀውን አሮጌ በረኛ ነው። የኔም ኮምፒውተር የገጠመው ይኸው ነው። ማሽኑ የሚነሣው ከ120 ጊጋው ኤስኤስዲ ነው፤ እኔ አዲሱን ግሩብ ያቆምኩት በ500 ጊጋው ማከማቻ ዲስክ ላይ። ኤስኤስዲው መግቢያ ላይ የቀረው አሮጌው ግሩብ ከአዲሶቹ የግሩብ ፋይሎች ጋር መግባባት አቃተው፤ ቆመ።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ማሽኑን ሳበራ ኤፍ12ን ተጫንኩ፤ ከየትኛው ዲስክ ልነሣ የሚል ዝርዝር መጣ፤ 500 ጊጋውን መረጥኩ። አዲሱ በረኛ እዚያ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። ኡቡንቱ 24.04 ተነሣ። ሮስተሩ አለ፣ ማርኩ አለ፣ ትራንስክሪፕቱ አለ። ጭራሹን አንዲት ፋይል አልተነካችም። ከዚያ ተርሚናል ከፍቼ ግሩብን በትክክለኛው ዲስክ ላይ አስጫንኩት፤ አለቀ። ሁሉም አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ለአሥር ደቂቃ ሥራ አንድ ሌሊት አልተኛሁም፣ የስንት ልጅ ውጤት ልደመስስ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይቺ ናት።

እንግዲህ እናንተ እንዳትደግሙት፣ ሲሻሻል የሚመጡትን ዋና ዋና ጥያቄዎች በአማርኛ ላስቀምጣቸው።

አንደኛው «ግሩብን የት ልጫን?» የሚለው ነው። ይህ የሚመጣው በተለይ በድሮው ባዮስ በሚነሡ ማሽኖች ላይ ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ዲስክ ከተቀየረ በኋላ። ኮምፒውተሩ የሚለው «ባለፈው በረኛውን ያቆምኩበት ዲስክ አሁን አላገኘሁትም፤ የቱ ላይ ላቁመው?» ነው። ስሙን አትመኑ። ኤስዲኤና ኤስዲቢ የሚለው ተራ ስም ሊለዋወጥ ይችላል። መጠኑን ተመልከቱ፣ ከቻላችሁ ሞዴሉንም። ከዲስኩ ሥር ቁጥር የተለጠፈባቸው ክፍልፋዮች ከመጡ እነሱ ፓርቲሽኖች ናቸው፤ ተዉአቸው፣ ዋናውን ዲስክ ምረጡ። ምርጫው የሚደረገው በስፔስ ቁልፍ ነው፤ ካሬው ውስጥ ኮከብ ሲገባ ተመረጠ ማለት ነው። ሳትመርጡ ኢንተር ብትሉ «ምንም ሳልጭን ልቀጥል ወይ?» ብሎ ያስጠነቅቃችኋል፤ እዚያ ላይ «አዎ» እንዳትሉ። ግራ ከገባችሁስ? ዲስኮቹ ሁሉ የዚያው ማሽን ቋሚ ዲስኮች ከሆኑና ሌላ ሲስተም ከሌለባቸው፣ ሁሉም ላይ መጫን ችግር የለውም። በየበሩ አንድ በረኛ ነው። ፍላሽና ኤክስተርናል ዲስክ ግን አስቀድማችሁ ንቀሉ።

ሁለተኛው «የግሩብ ማስተካከያ ፋይል ላይ ለውጥ አግኝቻለሁ፤ ያንተን ላቆይ ወይስ አዲሱን ላስገባ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አዲስ ይሻላል» ብሎ ይሳሳታል፤ ሌላው ደግሞ ፈርቶ የድሮውን ይይዛል። መልሱ ቀላል ነው። እናንተ ወይም ከናንተ በፊት የነበረ ሰው ፋይሉን አውቆ የነካው ከሆነ፣ ለምሳሌ የድሮው ግራፊክስ ካርድ ስክሪኑን እያጠቆረ ስላስቸገረ አንዲት ቃል ጨምሮበት ከሆነ፣ ያለውን አቆዩ። ማንም ካልነካው አዲሱን አስገቡ። ካላወቃችሁ ደግሞ «ልዩነቱን አሳየኝ» የሚል ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ እሱን ምረጡና አንብቡ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች ይህን አማራጭ መኖሩን እንኳ አያውቁም።

ሦስተኛው ጥያቄ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ ያለበትን ማሽን አሻሽላችሁ ስትጨርሱ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ይጠፋል። «ኧረ ዊንዶውሴን በላው!» ይባላል። አልበላውም። ግሩብ ከ2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን በራሱ መፈለግ ትቷል፤ ለደኅንነት ተብሎ ነው። ኡቡንቱ ላይ ይህ ከ22.04 ጋር ነው የመጣው። በማስተካከያው ፋይል ውስጥ «ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር» የሚለውን መስመር «ፎልስ» አድርጋችሁ «አፕዴት ግሩብ» ስትሉ ዊንዶውስ ተመልሶ ይዘረዘራል።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ማሽናችሁ በባዮስ ነው ወይስ በዩኢኤፍአይ የሚነሣው የሚለውን እወቁ። ሊኑክስ ላይ «ሲስ» ፎልደር ውስጥ፣ «ፈርምዌር» ሥር፣ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ ዩኢኤፍአይ ነው፤ ከሌለ ባዮስ ነው። በባዮስ በረኛው የሚቆመው ዲስኩ መግቢያ ላይ፣ 512 ባይት ብቻ በሆነች ቦታ ውስጥ ነው። ለመነሻው ትእዛዝ የምትተርፈው 446 ባይት ናት፤ ይቺ ፖስት በብዙ እጥፍ ትበልጣታለች። የቀረው የግሩብ ክፍል ከሷ ቀጥሎ ይቀመጣል። በዩኢኤፍአይ ግን ለብቻው ትንሽ ፓርቲሽን አለ። «ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች» ብላችሁ እንዳታጠፏት፤ የዊንዶውስም የሊኑክስም በረኛ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የሚያድሩት።

አንድ የኛን አገር ነገር ልጨምር። አሮጌ ማሽኖች ላይ የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣም ሊረሳ ይችላል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር «ኮምፒውተሩ ሞተ» የሚባለው አንዳንዱ ማሽን የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪ ብቻ ነው። ፎርማት የተደረገ ስንት አለ በዚህ ምክንያት!

ደግሞ ይህ የኛ የድሀ አገር ጣጣ ብቻ አይምሰላችሁ። ሐምሌ 2012 ላይ ግሩብ ውስጥ «ቡትሆል» የተባለ ከባድ ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ማስተካከያው ሲለቀቅ በብዙ አገር ያሉ ማሽኖች አልነሣ አሉ፤ ከነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ልክ እንደኔው፣ አዲሱ ግሩብ ማሽኑ ከሚነሣበት ዲስክ ውጭ በመጫኑ የመጣባቸው ነበሩ። ነሐሴ 2016 ላይ ደግሞ ማይክሮሶፍት የለቀቀው የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ሴኪዩር ቡት በርቶ ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ የነበሩባቸውን ስንት ማሽኖች የሊኑክሱን በር ዘጋባቸው። ስለዚህ ማፈር አያስፈልግም። ልዩነቱ ሌላው ዘንድ ሰው መጀመሪያ የስሕተት መልእክቱን ያነባል፤ እኛ ዘንድ መጀመሪያ ፎርማት እናደርጋለን።

እዚህ ጋ ነው የኔ አስተያየት። ችግራችን እውቀት ማጣት ብቻ አይመስለኝም፤ ልማድ ነው። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ቴሌቪዥኑ ወደየሁለተኛ ደረጃው ገባ፤ መምህሩ ጎን ላይ ቆመ። ፕላዝማው ሲበላሽ መምህሩም እኛም እሱን ቁጭ ብለን እናየው ነበር። ማንም ከፍቶ እንዲያየው አልተፈቀደም፣ አልተማረምም። ዕቃው መጣ፤ የዕቃው ቋንቋ አልመጣም። ዛሬም ኮምፒውተር ስንቀበል እንደዚያው ነው። ፊርማ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ርክክብ አለ። ይህ ማሽን ከየት እንደሚነሣ፣ ስንት ዲስክ እንዳለው፣ ማን ምን እንደነካው የምትገልጽ አንዲት ገጽ ግን የለችም።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለመጣ ነው የምትሉም አላችሁ። እውነት አለው። ግን ትርጉም ብቻውን አይበቃም። ደቢያን የሚባለው ሊኑክስ መጫኛውን በአማርኛ ማቅረብ የጀመረው የካቲት 2001 ላይ፣ «ሌኒ» በተባለው እትሙ ነው። ይኸው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስንቶቻችን ሰምተናል? የተረጎሙት ሰዎች ድካማቸውን ጨርሰዋል፤ ያላጠናቀቅነው እኛ ነን። ቃሉን በአማርኛ ማንበብና «ይህ ጥያቄ የኔን ማሽን ምን ያደርገዋል?» ብሎ መረዳት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሁለተኛው የመምህር ሥራ ነው።

«ከሠራ አትንካው፣ ለምን ታሻሽለዋለህ?» ያለኝም ባልደረባ አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን የማይታደስ ሲስተም በጊዜ ብዛት ቀዳዳው እየበዛ ይሄዳል፤ የተማሪ ፍላሽ ደግሞ በየቀኑ ይሰካበታል። ዊንዶውስ 10 እንኳ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ነገር ስለሚፈልግ የኛዎቹን ሽማግሌዎች በደንቡ አይቀበላቸውም። ለነዚህ ማሽኖች የቀረው መንገድ ሊኑክስ ነው ብዬ አምናለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው አስቡት። አንድ የላብ ማሽን ሳይነሣ በቀረ ቁጥር ተራ የሚያጡት ልጆች የኛው ናቸው። 14 ማሽን ላላት ትምህርት ቤት አንድ ማለት ቀላል አይደለም።

ደግሞ ሚዛናዊ ልሁን። ፎርማት ሁልጊዜ ጥፋት ነው አላልኩም። ምንም ፋይል የሌለበት የላብ ማሽን ከሆነ፣ ከአዲስ መጫን አንዳንዴ ይፈጥናል፤ እኔም አደርገዋለሁ። የጥገና ቤት ልጆችም በደንበኛ ጥድፊያ ውስጥ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። የምቃወመው ፎርማት የመጀመሪያው መልስ ሲሆን ነው። ሐኪም ሳይመረምር «ይቆረጥ» አይልም።

ስለዚህ ከእረፍት ስንመለስ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ የወደደ ይቀላቀል።

በየማሽኑ ጎን አንድ ወረቀት እለጥፋለሁ። በላዩ ላይ አራት ነገር፦ ባዮስ ነው ወይስ ዩኢኤፍአይ፤ የሚነሣው ከየትኛው ዲስክ ነው (በመጠንና በሞዴል)፤ የግሩብ ማስተካከያ ፋይል ላይ የተነካ ነገር አለ ወይ፣ ማን ነካው፤ መጨረሻ ባክአፕ የተደረገው መቼ ነው። ይኸው ነው። አንድ ገጽ።

ማሻሻል የምጀምረው የዚያኑ ቀን ባክአፕ አድርጌ፣ መነሻ ፍላሽ አዘጋጅቼ፣ በቀን ብርሃን፣ እንቅልፍ ጠግቤ ነው። ሳጥን በመጣ ቁጥር መልስ ከመስጠቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ። የማይገባኝ ከሆነ ሳጥኑ ይጠብቀኛል፤ አይቆጣም። ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ አንድ ሰዓትም ይቆማል። ያንን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሦስተኛው፣ ይህን ነገር ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በተግባር አሳያቸዋለሁ። አንዱን አሮጌ ማሽን አውቄ አበላሽቼ፣ በረኛውን ራሳቸው እንዲመልሱት። «ቲቸር፣ ጥቁር ሆነ» ብለው ከሚጠሩኝ፣ «ቲቸር፣ ከየትኛው ዲስክ ነው የሚነሣው?» ብለው ቢጠይቁኝ ነው ደስታዬ።

26.04 የሚያዝያ 2018 እትም ነው። ብዙ ሰው ክረምት ላይ ማሻሻል ይጀምራል፤ ያ ሳጥን ደግሞ በስንቱ ስክሪን ላይ ብቅ ይላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አሁኑኑ ወረቀቷን ለጥፉ።

የሪከርድ ሠራተኛዋ ይህን ካነበበች፦ እትዬ፣ ያን ጠዋት «አለ» ያልኩሽ ሳላውቅ ነበር። ይቅርታ። አሁን ግን በእርግጠኝነት አለ፤ በሁለት ፍላሽ፣ አንዱ አንቺው መሳቢያ ውስጥ።

እናንተስ ያለ ምክንያት ፎርማት የተደረገባችሁ ምን አጣችሁ? ከሥር ጻፉልኝ። ላብ ለሚይዝ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ፤ መታረም አይከብደኝም። ሰላም ሁኑ።